ትንሹ አይሮፕላንና ሁለተኛው ወንበር

የሰው ልጅ በእጁ የሠራው ነገር ሁሉ ሁለት ታሪክ አለው። አንደኛው የመሣሪያው ታሪክ ነው፤ ይኸውም ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ፣ ምን ያህል ይመዝናል፣ ምን ያህል ይሮጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው የባለቤቱ ታሪክ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው በማን እጅ ገባ፣ ለምን ሥራ ዋለ፣ ማንን ጠቀመ፣ ማንንስ ጎዳ የሚለው ነው። ማረሻና ጦር ከአንድ ብረት፣ ከአንድ ቀጥቃጭ እጅ ይወጣሉ፤ ዳሩ ግን አንደኛው ጎተራ ይሞላል፣ ሁለተኛው መቃብር ያስቆፍራል። አይሮፕላንም እንደዚሁ ነው።

ስለ አይሮፕላን በተነገረ ቁጥር የሚመሰገነው ትልቁ ነው፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው ጭኖ ውቅያኖስ የሚሻገረው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ ያሰብነው ትንሹን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘውን፣ በሸራ የተለበጠውን፣ ከሣር ሜዳ ተነሥቶ በሣር ሜዳ የሚያርፈውን አይሮፕላን ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አንድ ነው። ሕዝብ በትልቁ አይሮፕላን ይጓዛል፤ በረራን የሚማረው ግን በትንሹ ነው። በትንሹ አይሮፕላን ውስጥ ያለው ሁለተኛው ወንበር የተሳፋሪ ወንበር አይደለም፤ የተማሪ ወንበር ነው። በዚያ ወንበር ላይ ማን እንደ ተቀመጠ፣ ማንስ እንዳይቀመጥ እንደ ተከለከለ ብንመረምር የአገራችንን የበረራ ታሪክ አጥንቱን እናገኘዋለን። ለጎጃም ደጋ ሰው ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይነካዋል፤ በሦስት ወገን በዓባይ ለተከበበ አገር ሰማዩ አንድ በር ነበርና።

አስቀድመን ስለ መሣሪያው እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ አገር፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ብራድፎርድ በምትባል ከተማ ቴይለር የተባለ ሰው ዋጋው የቀለለ ባለ ሁለት ወንበር አይሮፕላን ሠራ። ስሙም «ከብ» ተባለ፤ የድብ ግልገል ማለት ነው። ጊዜው በአሜሪካ የገንዘብ ችግር የጸናበት ስለ ነበር ኩባንያው ወዲያው ከሰረ። በዚያ ጊዜ ዊሊያም ፓይፐር የተባለ በነዳጅ ዘይት ሥራ የሚተዳደር ሰው የከሰረውን ኩባንያ ንብረት በ761 ዶላር ገዛው። ይህ ሰው ስለ በረራ ብዙ የሚያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ተረድቶ ነበር። አይሮፕላን የባለጠጎችና የጦር ሠራዊት ብቻ ሆኖ እስከ ቀረ ድረስ ተራው ሰው ሰማዩን ከማየት አያልፍም፤ ዋጋው ቢረክስና አነዳዱ ቢቀል ግን የገበሬውም ልጅ ሊማረው ይችላል ሲል አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1937 ፋብሪካው በእሳት ቢቃጠልበትም ሎክ ሄቨን ወደምትባል ከተማ ተዛውሮ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የወጣው «ጄ 3» የተባለው ዓይነት በዓለም የታወቀ ሆነ። ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ በጎኑ ጥቁር መሥመር ያለበት ነበር። ባለ አንድ ረድፍ ክንፍ ሲሆን ክንፉ ከነጂው ራስ በላይ የተዘረጋ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ከ10 ሜትር ተኩል ጥቂት ያልፋል። አካሉ ከብረት ቧንቧ ተበይዶ በሸራ የተለበጠ ነው። ባዶውን 345 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንድ ጊዜ በሞሉት ቤንዚን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የቤንዚኑ መለኪያ እንኳ ረቂቅ መሣሪያ አልነበረም፤ በጋኑ ክዳን በኩል ብቅ ያለ ሽቦ ነው። የሽቦው ታችኛ ጫፍ ከቡሽ ጋር ተያይዞ በቤንዚኑ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቤንዚኑ ሲጎድል ሽቦው ወደ ታች ይሰምጣል። ነጂው ይህን ሽቦ እያየ መንገዱን ያሰላል።

ሁለቱ ወንበሮች ጎን ለጎን አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ኋላ ነው። በሁለቱም ወንበሮች ፊት መሪ ዘንግ አለ፤ ሁለቱም ዘንጎች ከታች ተያይዘዋል። ስለዚህ መምህሩ ዘንጉን ሲያዘነብል የተማሪው እጅ ይሰማዋል፤ ተማሪው ሲሳሳት ደግሞ የመምህሩ እጅ ያርመዋል። ተማሪው ለብቻው ለመብረር የበቃ ቀን የሚቀመጠው በኋላው ወንበር ላይ ነው፤ የአይሮፕላኑ ሚዛን እንዲጠበቅ ግድ ስለሆነ ነው። የፊቱ ወንበር ባዶ ይቀራል። ድጓ የሚማር ልጅ ከመሪጌታው እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን በድምፅና በእጅ ምልክት እንደሚቀበል፣ ኋላም ለብቻው ቆሞ እንደሚቀኝ ሁሉ የበረራም ትምህርት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። መጽሐፍ ብቻውን አብራሪ አያወጣም።

ዓይነቶቹም ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው የ1930 ከብ ሞተር የ40 ፈረስ ጉልበት እንኳ አልሞላም ነበር። ጄ 3 በ40 ጀምሮ ወደ 50፣ ኋላም ወደ 65 ፈረስ ጉልበት አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይኸው አይሮፕላን «ኤል 4» ተብሎ ለጦር ሠራዊት ለቅኝትና ለመልእክት ተሠራ፤ ቁጥሩም ከ5,000 በላይ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 «ሱፐር ከብ» የተባለው መጣ፤ ጥቂት ቆይቶም 150 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጠመለት። የጄ 3 ቁጥር ብቻውን ወደ 20,000 የሚጠጋ ነው። ከዚህ ጋር የሚቆጠር ሌላ ቤተሰብም አለ፤ ስቲንሰን የተባለው ኩባንያ «ቮያጀር» ብሎ ለስፖርትና ለመዝናኛ የሠራው ባለ አንድ ክንፍ አይሮፕላን ነው። ይህም በጦርነቱ ጊዜ ተጠናክሮ፣ ሁለት ወንበርና 185 ፈረስ ጉልበት ይዞ «ኤል 5» ሆነ። አንባቢያችን ይህን የመጨረሻውን ስም እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመጣልና።

ምናልባት አንባቢ የሞተሩን ጉልበት ይህን ያህል መቁጠራችን ምን ይረባል ይል ይሆናል። በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ብዙም ላይረባው ይችላል፤ ለደጋ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ ነው። ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ አየሩ ሲሳሳ የሞተሩም ኃይል ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚደገፍበትን ያጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ተራ ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 65 የተባለው ፈረስ ጉልበት ወደ 50 ይወርዳል ማለት ነው። ጄ 3 እየወጣ ሊሄድ የሚችለው እስከ 3,500 ሜትር ገደማ ነው። የጮቄ ተራራ ራስ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ በኒው ዮርክ ዳርቻ እንደ ወፍ የሚጫወተው ቢጫ አይሮፕላን በጎጃም ላይ ቢመጣ ጮቄን በላዩ ማለፍ አይችልም፤ እንደ ነጋዴ በቅሎ ዙሪያውን መዞር አለበት። ሱፐር ከብ ግን እስከ 5,800 ሜትር ስለሚወጣ ተራራውን ከበታቹ አድርጎ ይሄዳል።

ከዚህም የተነሣ በደጋ አገር ላይ የሚበር ሰው ማለዳ መነሣትን ይወዳል፤ አየሩ ቀዝቅዞ የሚወፍርበት ሰዓት ነውና። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ያው ሜዳ ለመነሣት የማይበቃ አጭር ሜዳ ይሆናል። የዓባይ ሸለቆ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ስለሆነ ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ አየሩን እየገፋ ትንሹን አይሮፕላን እንደ ገለባ ያንገላታዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ችግር ያለበት መንገድ ምን ያህል ያሳጥር እንደ ነበር ደግሞ እናስብ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በመኪና መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰማይ ቀጥታ ሲለካ ግን ከ180 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በቀድሞው ዘመን ተጓዥ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ቆላው ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ስንት ቀን ይፈጅበት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ትንሹ አይሮፕላን ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሰው ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ፣ ወደ ባለቤቱ ታሪክ እንለፍ። አይሮፕላን በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ፣ ባለ ድርብ ክንፍና ባለ ሁለት ወንበር ነበር፤ ነጂው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለው። በዚያን ጊዜ ንጉሥ ተፈሪ መኰንን ይባሉ የነበሩት ኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አይሮፕላን ያስመጡት ለሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው የአገሪቱን ርቀት ለማጥበብ፣ ሁለተኛው የማዕከላዊውን መንግሥት ክንድ ለማርዘም ነው። የሁለተኛው ምክንያት ፍሬ ቶሎ ታየ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ ላይ ራስ ጉግሣ ወሌ በተዋጉ ጊዜ ከመንግሥቱ ወገን የመጡት አይሮፕላኖች ወረቀትና ቦምብ ጣሉ። ከዓባይ ማዶና ማዶ ያለው የሰሜን ሕዝብ አይሮፕላንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው እንግዲህ በጦርነት ወሬ ነው።

ዳሩ ግን ፖቴዙ ሁለት ወንበር ነበረው፤ ሁለተኛው ወንበርም ባዶ አልቀረም። ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ከፈረንሳዮቹ መምህራን ተምረው በ1923 ዓ.ም. ገደማ ለብቻቸው ለመብረር ከበቁት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከል ናቸው። ሚሽካ ባቢቼፍ ከነጻነት በኋላ አገራቸውን በሞስኮ ወክለው አገልግለዋል። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩም ከወረራው በፊት በዚህ ትምህርት የተሰማሩ ሴት እንደ ነበሩ መዘንጋት የለበትም፤ በዚያ ዘመን በአውሮፓ እንኳ አብራሪ ሴት ብርቅ ነበረች። በጊዜው የነበረው ሁሉ ግን የተቃና ነበር ማለት አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ ኹበርት ጁሊያን የተባለው የውጭ አገር አብራሪ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ የተባለ ባለ ሁለት ወንበር አይሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጭቶ ሰበረው። ትንሽ አይሮፕላን ትዕቢትን አይችልም፤ ሰማዩ የማንንም ዝና አይቶ አያዝንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልናስበው የሚገባን የ1928 ዓ.ም. ሥራ ነው። ሉድቪግ ቬበር የተባሉት የንጉሠ ነገሥቱ ጀርመናዊ አብራሪና መካኒክ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው በአገር ውስጥ አንድ ቀላል ባለ አንድ ክንፍ አይሮፕላን ሠሩ። አይሮፕላኑ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። ከላይ ከዘረዘርናቸው ከአሜሪካ ትንንሽ አይሮፕላኖች ጋር በዘመንም በዓይነትም የሚመሳሰል ነበር። ነገሩን በዚያ ጊዜ ሚዛን እንመዝነው። ፓይፐር የድብ ግልገሉን ለገበሬ ልጅ ለማዳረስ በሚደክምበት ወራት ኢትዮጵያም የራስዋን ግልገል ወልዳ ነበር። ልዩነቱ የአሜሪካው አደገ፤ የእኛው ገና ክንፉን ሳያጠነክር ተማረከ።

የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ሲገባ በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አይሮፕላኖች ነበሩት። ኢትዮጵያ የነበሯት ጥቂት፣ አብዛኞቹም ለጦር ሥራ ያልተሰናዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ መጥተው የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ተጋብዘው በ1927 ዓ.ም. አገራችን የገቡ ናቸው። ሮቢንሰን በአላባማ ቱስኪጊ በሚባለው ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በቺካጎ ለጥቁር ወጣቶች በረራን ያስተማሩ ሰው ናቸው። በአገራቸው በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ወደ በረራ ትምህርት ቤት ለመግባት ምን ያህል እንደ ታገሉ የታወቀ ነው፤ ሁለተኛውን ወንበር የተከለከለ ሰው ዋጋውን ያውቃል። በኢትዮጵያም መሣሪያ በሌለው አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር ወሬና ሰው እያመላለሱ፣ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው እስከ ፍጻሜው አገለገሉ። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ «ፀሐይ» በምርኮ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ በዚያም አገር የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ብዙ ዘመን ቆማ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት በጎጃም ሰማይ ላይ የበረረው ሁሉ የጠላት ነበር። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለውና ሌሎችም አርበኞች የተዋጉት በምድር ካለው ምሽግ ጋር ብቻ አልነበረም፤ ካፕሮኒ የተባለው ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣይ ከላይ ሲያንዣብብባቸው ነው። ገበሬው የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ከብቱን ወደ ጫካ መንዳት፣ እሳት ማጥፋት፣ ነጭ ልብስ መሸሸግ ተማረ። በአምስቱ ዓመት ያደገ ልጅ አይሮፕላንን ያወቀው በሞት መልክ ነው። ይህን የምናነሣው ያረጀ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። አንድ ሕዝብ አንድን መሣሪያ መጀመሪያ ያወቀበት መንገድ በልቡ ውስጥ ለብዙ ዘመን እንደሚቀመጥ ለማስገንዘብ ነው። ሰማዩን የፈራ ልጅ ልጁን አብራሪ ሁን ብሎ አይመርቅም።

ነገር ግን በዚያው በጎጃም ምድር አንድ ቀን ነገሩ ተገለበጠ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው ወደ ጎጃም የገቡት ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአርበኞች ጋር ተገናኝተው በሰከላ በኩል ሰፍረው ነበር። በኅዳር 1933 ዓ.ም. ሻለቃ ዊንጌት ከካርቱም በአንድ የእንግሊዝ አይሮፕላን ተነሥተው በተራሮች መካከል በተሰናዳች ጠባብ ሜዳ ላይ አረፉ፤ ከሳንድፎርድ ጋር ተመካክረው በዚያው አይሮፕላን ተመለሱ። የጎጃም ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ቦምብ ሳይሆን ተስፋ ይዞ የወረደ አይሮፕላን ያየው በዚያ ጊዜ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ፤ መጋቢት 28 ቀንም ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ከጠላት እጅ ወጣች። ይህን ሁሉ ድል ያመጣው የአርበኛው እግርና የግመሉ ጀርባ ነው እንጂ አይሮፕላን አይደለም፤ ሆኖም በጠባብ ሜዳ ላይ የሚያርፍ አንድ ትንሽ አይሮፕላን በአንድ ቀን የሚሠራውን መልእክተኛ በብዙ ሳምንት እንደማይሠራው ታየ።

ከነጻነት በኋላ ሁለተኛው ወንበር እንደገና ተከፈተ። ኮሎኔል ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ተመልሰው ወጣቶችን ማስተማር ጀመሩ። ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የተባሉት ስዊድናዊ፣ በጦርነቱ ጊዜ በቀይ መስቀል አይሮፕላን ቁስለኛ ያመላለሱት ሰው፣ በቢሾፍቱ አዲሱን የአየር ኃይል በማደራጀት ላይ ተሰለፉ፤ ተማሪዎቹም ሳፊር በተባለው ባለ አንድ ክንፍ ትንሽ የስዊድን አይሮፕላን ሠለጠኑ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የዚህ አየር መንገድ ዳኮታ አይሮፕላኖችም በደብረ ማርቆስ ሜዳ ማረፍ ያዙ። ቀድሞ ብዙ ቀን የሚፈጀው መንገድ በሰዓት የሚቆጠር ሆነ፤ ደብዳቤ፣ መድኃኒትና ሕመምተኛ ዓባይን በላዩ አለፉት። በአየር መንገዱ መጀመሪያ ዘመን ነጂዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ።

ከላይ አስታውሱልን ያልነው «ኤል 5» የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ኮሎኔል ሮቢንሰን በአንድ ስቲንሰን ኤል 5 ተነሥተው ሲበሩ አደጋ ደረሰባቸው፤ በዚሁም አደጋ ምክንያት ሕይወታቸው አለፈ። በሁለተኛው ወንበር ላይ የነበረው አንድ ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ነበር፤ እሱም ሞተ። በ1928 ዓ.ም. በአድዋ ላይ የኢጣልያ ቦምብ ሲወርድ በዚያ የነበሩት ሰው ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ከአንድ ኢጣሊያዊ ጋር በአንድ ትንሽ አይሮፕላን ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተቀምጠው ሄዱ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የሚጽፈውን ሰው ቢፈጥረው ማንም አያምነውም። ሮቢንሰን የተማሩበት የቱስኪጊ ትምህርት ቤትም እሳቸው አስቀድመው ሲጎተጉቱት የነበረውን የበረራ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1939 ጀምሮ ነበር፤ ከዚያም የወጡት ጥቁር አብራሪዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸውን አስጠርተዋል። በአላባማና በአዲስ አበባ የተዘራው ዘር አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ትንሹ አይሮፕላን የሀብታም መጫወቻ ነው፤ ለደሀ አገር ምን ይሠራል የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ አልጠፉም። መልሳችን አጭር ነው። ትልቁን አይሮፕላን በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ የሚያበረውን ሰው ግን መግዛት ኪራይ ነው። ተከራይ ደግሞ ቤቱ ሲፈለግ ይወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ አየር መንገዶች መካከል ስሙ ጎልቶ የቆመው የገዛቸው አይሮፕላኖች ከሌሎች ስለ በለጡ አይደለም፤ ማንም ገንዘብ ያለው እነዚያኑ ይገዛልና። በትንሽ አይሮፕላን ላይ ሁለተኛውን ወንበር ለአገር ልጆች ከፍቶ አብራሪውንና መካኒኩን ራሱ ስላፈራ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻም «እሸት» የተባለውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አይሮፕላን በአገር ውስጥ እስከ መገጣጠም ደርሷል። ይህም በ1928 ዓ.ም. በ«ፀሐይ» የተጀመረው አሳብ ጨርሶ እንዳልሞተ ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ግን የባሕር ዳር ልጅ ነገር ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበትን በረራ መርተው ከአዲስ አበባ ባንኮክ አደረሱ። አያቶችዋ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ከብት ወደ ጫካ በነዱበት አገር የተወለደች ልጅ የሞተሩን ኃይል በእጅዋ ይዛ ሰው በሰላም የምታደርስ ሆነች። ከወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ እስከ ካፒቴን አምሳለ ያለው ጊዜ ከሰባ ዓመት በላይ ነው። በመካከሉ ወረራ ባይገባ ኖሮ ይህ መንገድ ምን ያህል ባጠረ ነበር ብሎ መጠየቅ የአንባቢው ፋንታ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት «ፀሐይ»ን ለኢትዮጵያ አስረከበ። ከተማረከች 88 ዓመት ሊሞላት ምንም ያህል አልቀረም ነበር። ስሟን የሰጧት ልዕልት በስደት ዘመን በሎንዶን የነርስነት ሙያ ተምረው፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው በነቀምት ዐርፈዋል። አይሮፕላኒቱ ግን ከባለ ስሟ በላይ ረጅም ዕድሜ አግኝታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የአክሱም ሐውልት ሲመለስ ደስ ያለን የአባቶቻችን ጥበብ ስለሆነ ነው፤ «ፀሐይ» ስትመለስ ደስ ሊለን የሚገባው ደግሞ የአባቶቻችን ጅምር ስለሆነች ነው። ሐውልት ተፈጽሞ ያለቀ ሥራ ነው፤ ጅምር ግን ባለ ዕዳ ያደርጋል።

እንግዲህ «ፀሐይ»ን በመስተዋት ውስጥ አቁመን በፊትዋ ፎቶግራፍ በመነሣት ብቻ ዕዳችንን ከፈልን ማለት አንችልም። ዕዳው የሚከፈለው በትምህርት ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በሞጣ፣ በቢቸናና በፍኖተ ሰላም ያሉ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ስለ አየር መሳሳት ሲያስተምሩ ምሳሌውን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልጋቸውም፤ ጮቄ በመስኮታቸው ይታያል። የ65 ፈረስ ጉልበት ሞተር ለምን ጮቄን ማለፍ እንደማይችል፣ የ150ው ለምን እንደሚችል ያሰላ ተማሪ ፊዚክስን በአገሩ ተራራ ተማረ ማለት ነው። ከዓባይ በረሃ የሚነሣውን ነፋስ ጠባይ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ደግሞ ግማሽ ትምህርቱን ከመምህሩ በፊት ይዞ መጥቷል።

የጎጃም ሊቃውንት ቅኔ ሲያስተምሩ ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ቅኔ ደግሞ ደጋግሞ ቢያነበንብ አያደንቁትም፤ የራሱን ቆጥሮ እንዲያመጣ ይጠብቁታል። አገርም እንዲሁ ናት። የሌላውን አይሮፕላን መሳፈር ማነብነብ ነው፤ መንዳት መማር ነው፤ መሥራት ግን መቀኘት ነው። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ልትቀኝ አፏን ከፍታ ነበር፤ ቃሏን ከአፏ ነጠቋት። ዛሬ ቃሉ ተመልሷል። በፊቱ ወንበር ላይ የተቀመጡት ታላላቆች ወደ ኋላ ዘወር ብለው ሁለተኛው ወንበር ላይ የአገር ልጅ መቀመጡን ባዩ ጊዜ ያን ቅኔ የሚጨርሰው ሰው ተገኝቷል ማለት ነው።